መብራቱ ስንት ሰዓት ይኖራል? ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ የካ ኳስ ማሳያ ቤት

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ተራራ በሚያቀናው መንገድ ዳር፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ የኳስ ማሳያ ቤት አለ። ይህ ጸሐፊ አንድ ቅዳሜ ማምሻውን እዚያ ተገኝቶ ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠለችው ፕሮጀክተር ነጭ ቀለም በተቀባው ግድግዳ ላይ ከእንግሊዝ አገር የሚተላለፈውን ጨዋታ ታሳያለች። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ምስሉ ወደ ቡናማ ሄደ፤ ሜዳው የበጋ ሣር መሰለ፤ ወዲያው «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ቤቱ ጨለመ። ድምፅ ማጉያው ግን አልተቋረጠም ነበርና ጋዜጠኛው በጨለማው ውስጥ «ጎል!» እያለ ጮኸ። ማን እንዳገባ፣ በማን ላይ እንደገባ ያየ የለም። ቤቱ በፉጨት ተናወጠ።

ሰዉ ገንዘቡ እንዲመለስለት ሲጨቃጨቅ፣ የቤቱ ባለቤት የሆነው ወጣት ራሱን ይዞ ቆሞ ነበር። «ሦስት ሺህ ሰዓት ይሠራል ብለው ነው የሸጡልኝ፤ ገና ስምንት ወሩ ነው» ይላል። በቀን አምስት ሰዓት ቢያሠራው እንኳ ከ1,200 ሰዓት አይዘልም። የቀረውን 1,800 ሰዓት ማን በላው? ሁከቱ በረድ ሲል፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ተነሡ። በወጣትነታቸው ፒያሳ ውስጥ በሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ኦፕሬተር እንደነበሩ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ወንበር ላይ ቆመው፣ ማሽኗ እስክትበርድ ከጠበቁ በኋላ፣ ከጎኗ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍተው የአየር ማጣሪያዋን አወጡ። አቧራው ከመጋገሩ የተነሣ ስፖንጁ አይታይም፤ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ መስሏል።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ ዕድሜው ደርሶ አልሞተም፤ ታፍኖ ነው» አሉት።

«ጋሼ፣ እሱ ደግሞ ይጸዳል እንዴ?» አለ ወጣቱ።

ይህች ጥያቄ ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችው። ነገሩ የአንድ አምፖል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ስለ ተዋንያኑ፣ ስለ ደራስያኑ፣ ስለ አዳራሾቹ ብዙ ተብሏል። ከሰዉ ጀርባ በትንሿ መስኮት የሚወጣውን ብርሃን ግን ዞሮ ያየው ጥቂት ነው። ያ ብርሃን ዕድሜ አለው፤ ዕድሜውን የሚያስረዝሙትም የሚያሳጥሩትም ነገሮች አሉ፤ የራሱም ታሪክ አለው።

የገብርኤል ዕለት በፓሪስ

የሉሚዬር ወንድማማቾች ሲኒማን ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍያ ለሕዝብ ያሳዩት በፓሪስ ከተማ፣ በግራን ካፌ ምድር ቤት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነበር። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ይሆናል፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣው የቅዱስ ገብርኤል ዓመታዊ በዓል ዕለት መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አምባላጌ ላይ ድል አድርጎ ወደ መቀሌ ተጠግቶ ነበር። አድዋ የተዋጋነው ከዚያች ምሽት በኋላ በ64ኛው ቀን ነው።

በዚያች ምሽት አንድ ፍራንክ እየከፈሉ የገቡት ሠላሳ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያዩት አሥር ፊልም ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ማሽኑ በእጅ የሚዞር ሲሆን፣ ምስሉን ወደ ሸራው የሚወረውረው ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠ ብርቱ መብራት ነበር።

ይህ አዲስ ነገር ወደ አገራችን ለመምጣት ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። በ1890 ዓ.ም. ገደማ አንድ ፈረንሳዊ ያመጣውን ማሳያ፣ አዲስ አበባ የነበረው የኢጣልያ መንግሥት ወኪል ቺኮዲኮላ ገዝቶ ለምኒልክ በስጦታ እንዳበረከተ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በአድዋ የተሸነፈው መንግሥት ወኪል ለአሸናፊው ንጉሠ ነገሥት በብርሃን የሚሠራ ሥዕል ይዞ መቅረቡ የዚያን ዘመን ዲፕሎማሲ መልክ ያሳያል። ቤተ መንግሥቱ ከብርዳማው እንጦጦ ወርዶ ፍልውኃ አጠገብ ከከተመ ገና አሥር ዓመት ቢሞላው ነው።

ለሕዝብ የሚያሳየው የመጀመሪያው ቤት የተከፈተው ግን ዘግየት ብሎ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ያወጣለትን ስም አንባቢ ያውቀዋል፤ «ሰይጣን ቤት»። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ነፍስ የሌለው ጥላ ሲራመድ፣ ሲስቅ፣ ሲጋልብ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው የሰይጣን ሥራ ቢመስለው አያስገርምም።

ዛሬ በዚህ ስም እንስቃለን። ይሁንና ፓሪስም እንዲያ ያለ ስም ለማውጣት የሚያበቃት ምክንያት ነበራት። በሚያዝያ 1889 ዓ.ም. ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ባዛር ውስጥ የሲኒማ ማሳያ ተተክሎ ነበር። መብራቱ የሚሠራው በኤተርና በኦክስጅን ነው። ነዳጅ ሲጨመርለት ክብሪት ተጫረና እሳቱ ከጨርቅና ከእንጨት የተሠራውን አዳራሽ በደቂቃዎች ውስጥ በላው። ከ120 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የታላላቅ ቤተሰቦች ወይዛዝርት ነበሩ። ጥንታዊው ፊልም ራሱ የተሠራው እንደ ባሩድ ከሚቀጣጠል ናይትሬት በመሆኑ፣ የማሳያ ክፍሉ ለረጅም ዘመን ከአዳራሹ በወፍራም ግድግዳና በብረት መዝጊያ ተለይቶ እንዲሠራ ያስገደደው ይኸው የእሳት ፍርሃት ነው።

ከሰል ሲበራ

የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች ብርሃን ምንጩ ከሰል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሃምፍሪ ዴቪ ሁለት የከሰል ዘንጎችን ጫፍ ለጫፍ አቀራርቦ ኤሌክትሪክ ቢልክባቸው፣ በመካከላቸው ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ቀስት ሠርቶ ታየ። «አርክ» የሚባለው መብራት መነሻው ይህ ነው። በኋላ ዘንጎቹ ተጣርተውና ተጨምቀው በፋብሪካ መሠራት ጀመሩ እንጂ ነገሩ ያው ነበር። እናቶቻችን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ሲወርዱ፣ ከታች በከተማው የሚታየው ሲኒማም በከሰል ይሠራ ነበር ማለት ነው።

የከሰል ዘንግ ዕድሜ አጭር ነው። እየበራ ያልቃል። እንደ ውፍረቱና እንደ ኤሌክትሪኩ ብርታት አንድ ጥንድ ዘንግ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢያገለግል ነው፤ ያውም አንደኛው ከሌላው ፈጥኖ ይበላል። ዘንጎቹ በተበሉ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ በጥቁር መስታወት በኩል እያየ ዘንጎቹን ማቀራረብ ነበረበት። የ2,000 ጫማ ፊልም ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚቆይ፣ ሁለት ማሽን አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላው ይለኮሳል። በምስሉ ቀኝ ጥግ ብልጭ የምትለው ክብ ምልክት ለኦፕሬተሩ የተላከች ጥሪ ነበረች።

ያን ዘመን ያየ ሰው «አምፖሉ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ሰዓቱ የሚለካው በኦፕሬተሩ ንቃት ነውና። እሱ ሲያንቀላፋ ተዋናዩ ቢጫ ይሆናል፤ እሱ ሲነቃ ጸሐይ ትወጣለች።

ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ የሲኒማ አዳራሾችን ሠርተዋል። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ፣ በኋላ ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ ኢምፓየር፣ ሲኒማ አድዋ፣ አምባሳደር የሚሉት ስሞች የከተማው ወጣት ቅዳሜና እሑድ የተቃጠረባቸው፣ የህንድ ፊልም ያለቀሰባቸው፣ የካውቦይ ፊልም ያፏጨባቸው ናቸው። ቆቃ የኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የከተማው መብራት ጎለበተ፤ የሲኒማውም ብርሃን አብሮ።

ዜኖን

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጀርመኖች አዲስ አምፖል ለሲኒማ አቀረቡ። በወፍራም የኳርትዝ መስታወት ውስጥ ዜኖን የሚባል ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ይታጨቃል፤ በሁለት የተንግስተን ጫፎች መካከል አርኩ ይበራል። እንደ ከሰሉ አያልቅም፣ አመድና ጭስ የለውም፣ ብርሃኑም የቀትር ጸሐይ ይመስላል። ዕድሜውም እንደ ጉልበቱ ከ1,000 እስከ 3,000 ሰዓት ደረሰ። ትልልቆቹ አምፖሎች ቀድመው ይሞታሉ፤ ትንንሾቹ ይቆያሉ።

ይሁን እንጂ ዜኖን የራሱ ጠባይ አለው። ቀዝቅዞ በካርቶኑ ውስጥ እያለ እንኳ ግፊቱ ስለማይለቀው፣ ቢወድቅ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ስለዚህ የሚቀይረው ሰው የፊት መከላከያና ወፍራም ጓንት ያደርጋል። መስታወቱን በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ የጣት ቅባት በሙቀቱ ተቃጥሎ ኳርትዙን ያነጣዋል፣ የነጣው ቦታ ይደክማል፣ የደከመው ቦታ ይሰነጠቃል። የሚሰጠው ኤሌክትሪክ የተስተካከለ ካልሆነም ጫፎቹ ቶሎ ይበላሉ። የበርካታ ዓመት ልምድ ያለው ኦፕሬተር አምፖሉ ሊሞት መቃረቡን ከመስታወቱ ጥቁረትና ከብርሃኑ መርገብገብ ያውቃል።

የኢትዮጵያ ፊልም የተወለደው በከሰሉና በዜኖኑ ዘመን ነው። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ለተመልካች ቀርበዋል። እነዚህ ፊልሞች በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ የታተሙ ናቸው። አያያዙ ከሠመረለት ፊልም መቶ ዓመት ይቆያል። ነገር ግን የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ፊልም፣ የሁለት ሺህ ሰዓት ዕድሜ ያለው አምፖል ከሌለው የሚታይ ነገር የለውም። አምፖሉ ቢገኝ ደግሞ አምፖሉን የሚገጥም እጅ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሁለቱ ዋጋ ያጣሉ።

ሁለት ሺህ ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው?

መምህር የነበሩ አንባቢዎች ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር የሚባለውን የማስተማሪያ መሣሪያ ያስታውሳሉ። የዚያ ሃሎጅን አምፖል በተለምዶ የሚሠራው 75 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ትርፍ አምፖል ሳይያዝ ክፍል መግባት ድፍረት የነበረው ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ወደ ቪዲዮና ዲጂታል ካሜራ ሲዞሩ፣ ሲኒማ ቤቶችም ፊልሞቹን በቪዲዮ ፕሮጀክተር ማሳየት ጀመሩ። በየበሩ የታየው የሕዝብ ሰልፍ የሚረሳ አይደለም። ያን ሰልፍ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ጣት የምታክል አምፖል ነበረች። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1995 ለፕሮጀክተር ያቀረበው ይህ ዓይነቱ አምፖል በውስጡ ጥቂት ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ይዟል። ሲበራ ባዜቃው ተንኖ ግፊቱ ከ200 ከባቢ አየር ይበልጣል፤ የመስታወቱም ሙቀት ወደ 1,000 ዲግሪ ይጠጋል። ብርሃን የሚወጣባት ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ናት።

ካርቶኑ ላይ «2,000 ሰዓት» ወይም «4,000 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ አምፖሉ የሚሞትበትን ሰዓት አይደለም የሚናገረው፤ በአማካይ ብርሃኑ በግማሽ የሚቀንስበትን ሰዓት ነው። ማለትም 2,000 ሰዓት የተባለው አምፖል ሰዓቱ ሲደርስ ይበራ ይሆናል፤ ግን ግማሹ የለም። ዓይናችን ቀስ በቀስ ስለሚለምደው አናስተውለውም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ እንዲሉ ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ለሚያሳይ ቤት 2,000 ሰዓት ከአሥራ አንድ ወር ብዙም አይበልጥም።

ቁጥሩ የተለካውም በተመቻቸ ሁኔታ ነው፤ ንጹሕና ቀዝቃዛ ክፍል፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ እንደ ደንቡ የተቀመጠ ማሽን። አምፖሉ ከፋብሪካው ወጥቶ የካ ሲደርስ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው።

የእንጦጦ አየር

በመጀመሪያ ከፍታው አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የካ ዳገቶች ከ2,500 ይዘላሉ፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በከተማው ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ እንጦጦ ላይ ሲሶ ያህሉ ይጎድላል። እናቶች ይህን በድስት ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ሯጮቻችንም በሳንባቸው ያውቁታል፤ ማለዳ ማለዳ እንጦጦ ላይ የሚሮጡት አየሩ ስለሚሳሳ ነው።

ፕሮጀክተርም እንደ ሯጩ ይተነፍሳል። ማራገቢያዋ አየር ስባ በአምፖሉ ዙሪያ አሳልፋ ሙቀቱን ይዛ ታወጣለች። አየሩ ሲሳሳ ግን በአንድ ዙር የምትስበው አየር ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ብርድ ማሽኗን ያድናታል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው። ብዙ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው፣ ማሽኑ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የሚሠራ ከሆነ ማራገቢያውን የሚያፈጥነው «የከፍታ ቦታ» ትእዛዝ እንዲበራ ያዛሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ ማሽኑ እንዲሠራ አያስቡትም። ስለሆነም አዲስ አበባ ውስጥ ያለች ፕሮጀክተር ሁሉ ትእዛዙ ሊበራላት ይገባል። እንጦጦ አናት ላይ ለሠርግ ወይም ለስብሰባ የምትወጣዋ ግን ከመጽሐፉ ውጭ ነች። ያ የለጋሲዮኑ ወጣት ይህን ትእዛዝ አያውቀውም ነበር። ማራገቢያዋ ስትጮህ ሰው ይረበሻል ብሎም ይሆናል የማይነካው፤ ጩኸቷ ግን እስትንፋሷ ነው።

አቧራ፣ መብራት መጥፋት፣ እጅ

ሁለተኛው አቧራ ነው። የበጋው ነፋስ ከተራራው የሚያወርደው፣ ያልተነጠፈ መንገድ የሚያስነሣው፣ የሚጨስ ሲጋራ የሚያክለው ሁሉ ማጣሪያው ላይ ይጋገራል። ማጣሪያው ሲደፈን ማራገቢያው በከንቱ ይዞራል። ሙቀቱ ሲያይል የተንግስተኑ ጫፎች ፈጥነው ይተናሉ፤ ትነቱ በመስታወቱ ውስጥ ተለጥፎ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረው መስታወት የበለጠ ሙቀት ይይዛል። በሽታው ራሱን በራሱ የሚያባብስ ነው። መድኃኒቱ ግን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ማጣሪያውን አውጥቶ ማራገፍ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ፕሮጀክተር በቁልፏ ስትጠፋ ማራገቢያዋ ለአንድ ሁለት ደቂቃ መዞሩን ይቀጥላል፤ አምፖሉን እያበረደ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል። አንድ ሺህ ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ መውጫ ያጣል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሰው ይቸኩላል፤ ገና ያልበረደውን አምፖል ለመለኮስ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ትኩስ አምፖል ግፊቱ ስላልወረደ እሺ ብሎ አይበራም፤ እያንዳንዱ ሙከራ ጫፎቹን ይቧጭራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ መታገስ፣ ከተቻለም ማራገቢያው ሥራውን እስኪጨርስ የምታቆይ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ መግዛት ከአዲስ አምፖል ይረክሳል።

አራተኛው አሰቃቀሉ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታም አይለቅም። ማሽኗ ጣሪያው ሥር ተሸጉጣ ስትሠራ የራሷን ትኩስ እስትንፋስ መልሳ ትስባለች። ከሚገባው በላይ ስትዘነብልም አርኩ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል፤ የመስታወቱ አንዱ ወገን ብቻ ይቃጠላል።

አምስተኛው ገበያው ነው። ይህ ጸሐፊ ራሱ ከዓመታት በፊት ያገለገለች ፕሮጀክተር ገዝቶ ነበር። የሰዓት መቁጠሪያዋ «87 ሰዓት» ይል ነበርና እንደ አዲስ ቆጠራት። በሁለተኛው ወር አምፖሉ ተሰነጠቀ። ለካ መቁጠሪያው በሁለት ቁልፍ ወደ ዜሮ የሚመለስ ኖሯል። የሻጩን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ ተንኮሉ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ከማየት አምፖሉን አስወጥቶ ቢያይ ይሻለዋል። የጠቆረ ወይም እንደ ወተት የነጣ መስታወት አይዋሽም። ከዋናው አምራች ያልወጣ ርካሽ አምፖልም እንዲሁ፤ ሣጥኑ ይመሳሰላል፣ ዕድሜው ግን አይመሳሰልም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ማለፍ አይገባም። አምፖሉ ሲፈነዳ በውስጡ ያለው ባዜቃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም መርዝ ነው። በዚያ ቅዳሜ ሰዉ ስለ ጎሉ ሲጨቃጨቅ በሩ እንደተዘጋ ነበር። መደረግ የነበረበት በርና መስኮት ከፍቶ፣ ሕፃናቱን አስቀድሞ፣ ሁሉንም ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ስብርባሪውንም በባዶ እጅ አለመንካት።

የሺህ ሰዓት ውል

ዕድሜ የሚያሳጥረው የኛ ቸልተኝነት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ግን አምራቹን ነፃ ማውጣት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1924 የዓለም ታላላቅ አምፖል ሠሪዎች በጄኔቭ ተሰብስበው «ፌቡስ» የተባለ ማኅበር መሠረቱ። ከውሎቻቸው አንዱ ተራው የቤት አምፖል ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የሚያግድ ነበር። ረጅም ዕድሜ ያለው አምፖል የሠራ አባል ይቀጣል። ማኅበሩን ያፈረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

በአንጻሩ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር በምትባል ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የተለኮሰች አምፖል ከመቶ ዓመት በላይ በርታለች። ምሥጢሯ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብርሃኗ ደካማ ነው፤ አራት ዋት ያህል ብቻ ትፈጃለች። ሁለተኛ፣ ጨርሶ አትጠፋም ማለት ይቻላል። አምፖልን የሚጎዳው መብራቱ ብቻ አይደለም፤ መጥፋትና መለኮሱም ነው። ከእሷ የምንማረው ለፕሮጀክተርም ይሠራል፤ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ማሠራት፣ በየእረፍቱም አለማጥፋትና አለማብራት ዕድሜ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ አምፖል የሌላቸው፣ በሌዘር የሚሠሩ ፕሮጀክተሮች መጥተዋል። አምራቾቹ 20,000 ሰዓት ይሉላቸዋል። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠሩ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ሌዘርም ይሞቃል፤ እሱም አየር ይስባል፤ የእንጦጦ አየር ለእሱም ስስ ነው፤ የየካ አቧራ እሱንም ያፍናል። ከዚህ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች ሁሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቁ ጠባቂ እንዲኖራቸው ያስገድዱ ነበር። ከሰሉ በየደቂቃው፣ ዜኖኑ በየወሩ፣ ባዜቃው በየዓመቱ ሰው ይጠራ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የማይጣራ መሣሪያ ሲመጣ ግን ጠባቂው ከቤቱ ይወጣል፤ ከእሱም ጋር መስታወቱን አይቶ በሽታውን የሚያውቅ ዓይን ይወጣል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየአዳራሹ ሸራ ተሸፍነው የተቀመጡት ማሽኖች፣ ብዙዎቹ የሞቱት ማጣሪያ የሚያራግፍ ሰው በማጣት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከሁለት ወር በኋላ ይህ ጸሐፊ በለጋሲዮኑ መንገድ ሲያልፍ ወደ ማሳያ ቤቱ ጎራ አለ። ማሽኗ ከቆርቆሮው ጣሪያ ወርዳ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ትንሽ የባትሪ ሣጥን አለች። ማራገቢያዋ ከቀድሞው ጎላ ብሎ ይሰማል፤ ሰዉ ግን የለመደው ይመስላል። አዛውንቱ በክብር ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሻይ የሚያስከፍላቸው የለም።

ወጣቱ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጣ። በየዕለቱ የሠራው ሰዓት፣ መብራት የጠፋበት ቀን፣ ማጣሪያው የተራገፈበት ሰኞ ሁሉ በእርሳስ ተጽፏል። «ጋሼ ናቸው ያስጀመሩኝ፤ እሳቸው በሲኒማ ቤት እንዲህ ይጽፉ ነበር አሉ» አለ። የመጨረሻው መስመር 412 ሰዓት ይላል።